600 ፐርሰንት፦ ስለ ፔል ግራንት ገደብ ለፋይናንሻል ኤድ ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በፋይናንሻል ኤድ (የተማሪ የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ለምትሠሩ ሁሉ
ግልባጭ፦ ለኮንግረስ አባላት
ግልባጭ፦ ዘንድሮ ኮሌጅ ለምትጀምሩ ወገኖቼና ለወላጆቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው። እናንተ ቢሮ ያላችሁት የማስተርጎም አቅም አላችሁ። እኔ ግን ያኔ በእንግሊዝኛ የመጣልኝን ኢሜይል ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ ቀድመው የሚረዷት እንደኔ ያሉ ሰዎች እንዲሆኑ ፈለግኩ።

ያ ኢሜይል የመጣው ለመመረቅ ሁለት ሴሚስተር ሲቀረኝ ነው። ሦስት መስመር ብትሆን ነው። መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠውን ድጎማ፣ የፔል ግራንትን፣ የዕድሜ ልክ ገደቤን ስለጨረስኩ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ገንዘቡ እንደማይሰጠኝ ትናገራለች። ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ ቆሜ ነው ያነበብኳት። ደግሜ አነበብኳት። አምስት ዓመት ተኩል ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን) ሞልቻለሁ። ቢሮ ተመላልሻለሁ። የተባልኩትን ወረቀት ሁሉ ፈርሜአለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ "ይሄ ገንዘብ እየተቆጠረብሽ ነው" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ተመርቄአለሁ፤ ሥራም አለኝ። ይህን የምጽፈው የራሴን ለማስመለስ አይደለም። የማውቃቸው ልጆች እየደወሉ "ፔሌን ቆረጡብኝ፤ ምን ይሻለኛል?" ይሉኛል። የምመልስላቸው ሳጣ ያመኛል። ምክንያቱም ገደቡ ላይ ከደረሱ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። የሚጠቅማቸው አንድ ነገር ቢኖር ሳይደርሱ በፊት ማወቅ ነበር። እሱን ደግሞ ልትነግሯቸው የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

እናንተ ሕጉን ታውቁታላችሁ። ለወገኖቼ ስል ግን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፔል ግራንት የማይመለስ የፌዴራል ገንዘብ ነው። ሎን (ብድር) አይደለም። የገቢው አቅም ዝቅ ላለና የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ላልያዘ ተማሪ ይሰጣል። መሠረቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። ድጎማው ራሱ የተፈጠረው በ1972 ነው። በ1980 ደግሞ ብዙ በለፉበት በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌቦርን ፔል ስም ተጠራ። በ2025-26 የትምህርት ዓመት ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነው።

የጊዜ ገደቡ የመጣው በኋላ ነው። በ2008 የወጣው ሕግ፣ ከዚያ ዓመት ጁላይ 1 ወዲህ ፔል ለሚጀምሩ ተማሪዎች 18 ሴሚስተር የሚል ጣሪያ አስቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ብዙም የሚያስጨንቅ አልነበረም። በ2011 መጨረሻ ግን ኮንግረስ የበጀት ሕጉን ሲያጸድቅ 18ቱን ወደ 12 አወረደው። ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ለአዲሶቹ ብቻም አልነበረም። መንገድ የጀመሩትን፣ ከ2008 በፊት የተማሩትን ጭምር ጠቅልሎ ያዘ። በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ተማሪው በዝቶ የፔል ወጪ አሻቅቦ ስለነበር ገንዘብ መቆጠብ ተፈልጎ ነው። ይገባኛል። ግን ዘጠኝ ዓመት አለኝ ብሎ ሲያስብ ለነበረ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ስድስት ዓመት ሆነበት።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በአንድ የትምህርት ዓመት ሊሰጥሽ የሚችለው ሙሉ የፔል ገንዘብ 100 ፐርሰንት ይባላል። በዕድሜሽ ያለሽ 600 ፐርሰንት ነው። ሙሉ ጊዜ የተማርሽበት ሴሚስተር 50 ይበላል። ግማሽ ጊዜ ከሆነ 25። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ለክረምትም መውሰድ ስለተፈቀደ በአንድ ዓመት እስከ 150 ፐርሰንት መጠቀም ይቻላል። ብዙ ሰው የክረምቱን ገንዘብ እንደ ጭማሪ ያየዋል። እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ጭማሪ አይደለም። ከዚያው ከ600ው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ኮሌጅ ብትቀይሪ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም። አምስት ዓመት አቋርጠሽ ብትመለሺም ያለፈው አይሰረዝም። በማንኛውም ትምህርት ቤት፣ በማንኛውም ዓመት የወሰድሽው ሁሉ አንድ ላይ ይደመራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሰው ይህንን ገደብ ሲሰማ "ስድስት ዓመት ለአራት ዓመት ዲግሪ ምን አነሰ?" ይላል። እኔም መጀመሪያ ራሴን ነው የወቀስኩት። ሰነፍኩ እንዴ አልኩ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ ብዬ አሰላሁት።

እናንተ ቢሮ ውስጥ "ሙሉ ጊዜ ተማሪ" የሚባለው በሴሚስተር 12 ክሬዲት የያዘ ነው። ዲግሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። 120ን ለ12 ስናካፍል 10 ሴሚስተር ይመጣል። በአራት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት መያዝ ያስፈልጋል። ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር ሰው 15 ክሬዲት እንዴት አድርጎ ይሸከማል? ስለዚህ 12 ይይዛል። "ሙሉ ጊዜ ነህ፣ ጥሩ እየሄድክ ነው" ይባላል። አንድም ኮርስ ሳይወድቅ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጥ፣ ከ12ቱ ሴሚስተር አሥሩ በዚሁ ያልቃሉ። ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለሐዘን፣ ለትራንስፈር (ኮሌጅ ለመቀየር)፣ ለሁሉም ነገር የሚቀረው ሁለት ሴሚስተር ነው።

እዚያ ላይ እንግሊዝኛን ጨምሩበት።

እኔ ኮሌጅ ስገባ የምደባ ፈተና ተፈተንኩና ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚሰጥበት ትምህርት) ተመደብኩ። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ጊዜ ተማርኩ። ትምህርቱ ጠቅሞኛል፤ አስተማሪዎቼንም እስከዛሬ አመሰግናለሁ። ለዲግሪዬ ግን አንዷም ክሬዲት አልተቆጠረችልኝም። ከፔሌ ላይ 150 ፐርሰንት ሄደ። አሥር ሴሚስተርና ሦስት ሴሚስተር አሥራ ሦስት ነው። የተሰጠኝ አሥራ ሁለት ነው። በገባሁበት ቀን፣ ገና አንድ ክፍል ሳልቀመጥ፣ በዚያ አካሄድ እንደማይበቃኝ በጣት ተቆጥሮ የሚታወቅ ነገር ነበር። የቆጠረልኝ ግን አልነበረም።

የቀረውም እንዲህ ሆነ። ሁለት ክረምት ስድስት ስድስት ክሬዲት ወሰድኩ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው። 50 ፐርሰንት። በሦስተኛው ዓመት እናቴ ታመመችብኝና ሁሉንም ኮርስ ድሮፕ አድርጌ ሄድኩ። ሴሚስተሩ ከ60 በመቶ በላይ አልፎ ስለነበር ገንዘቡ እንደተማርኩበት ተቆጠረ። ሌላ 50። ይህን ደንብ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከ60 በመቶ በፊት የወጣ ተማሪ ያልተማረበትን ድርሻ ይመልሳል፤ የተመለሰው ያህልም ከቆጠራው ይቀነስለታል። ከዚያ በኋላ ከወጣ ግን ምንም ክሬዲት ባይዝም ሙሉው ይበላበታል። እኔ በዚያ ሰሞን ይህን ለማሰብ አቅሙም አልነበረኝም። ከዚህ ሌላ በጠቅላላው ሰባት መደበኛ ሴሚስተር ተማርኩ። 350። ደምሩት፤ 600 ነው።

ትራንስፈር ሳደርግ ሁለት ኮርሶቼ ተቀባይነት አላገኙም። እኔ ዕድለኛ ነኝ። ሁለት ሴሚስተር 15 ክሬዲት እየያዝኩ አካካስኩት። ከባድ ነበር ግን ተቻለ። ብዙዎች ከዚህ የባሰ ነው የሚያጡት። የፌዴራል መንግሥቱ የተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ትራንስፈር ያደረጉ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ክሬዲቱ ጠፋ ማለት ፔሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ተማሪው ያንኑ ኮርስ ሁለተኛ ይማራል፣ ከዚያችው ከ600 ላይ ሁለተኛ ይቀነስበታል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ገደብ ለምን ኖረ አልልም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። መጨረሻ የሌለው መሆን የለበትም። ከኮሌጅ ኮሌጅ እየተዘዋወረ ገንዘቡን ብቻ ወስዶ የሚጠፋ ሰው እንዳለም አውቃለሁ፤ በእሱ ምክንያት የሚከፍለው በእርግጥ ትምህርት የሚፈልገው ድሃ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው የሚቆጠርበትን ነገር ይወቅ። በመጀመሪያው ቀን ይወቅ።

ደግሞ አለማወቁ የሚጎዳው በእንግሊዝኛ የሚቸገረውን ብቻ አይደለም። እዚህ ተወልደው ያደጉ የክፍል ጓደኞቼም አያውቁትም ነበር። አንዱን ጉዳይ ከሌላው ጋር ሲያምታቱት ሰምቻለሁ። ስህተቱን የምሰማው ደግሞ አንዳንዴ ከቢሮ ሠራተኛ አፍ ነው። ሁለት የተለያዩ ገደቦች አሉ። አንደኛው ሳፕ የሚባለው የትምህርት መሻሻል መለኪያ ነው። በእሱ መሠረት ተማሪው ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ ሳያልፍ መጨረስ መቻል አለበት። 60 ክሬዲት ለሚጠይቅ አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ 90፣ 120 ለሚጠይቀው ባችለር ደግሞ 180 ክሬዲት ሞክሮ ማለት ነው። ይህን የሚቆጣጠረው ኮሌጁ ነው። የቤተሰብ ሞት ወይም ሕመም ካጋጠመ ኮሌጁ ይግባኝ ተቀብሎ ሊያይ ይችላል።

ሁለተኛው የ600 ፐርሰንቱ ነው። እሱ የፌዴራል ነው። ኮሌጁ ማሻሻል አይችልም። እናት ብትሞት፣ ቤት ቢቃጠል የሚቀርብበት ይግባኝ የለም። እኔ ያ ኢሜይል እንደመጣ ቢሮ ሄጄ "ይግባኝ አስገቢ" ተባልኩ። ቅጹን ሞላሁ። የእናቴን የሐኪም ወረቀት አስተርጉሜ አያያዝኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። መልሱ "ይህ በይግባኝ የሚታይ ጉዳይ አይደለም" የሚል ነበር። ያኔ የረገጥኩት ደረጃ ዛሬም ይታወሰኛል። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሁለቱን አምታትታ ነው። እባካችሁ ሠራተኞቻችሁን ይህን ልዩነት አስተምሯቸው። ሦስት ሳምንት ተስፋ ይዞ መቆየት ቀላል አይደለም።

የፔል ድርሻ የሚመለስባቸው ሁኔታዎች እንዳሉም ንገሯቸው። የሚማርበት ኮሌጅ የተዘጋበት፣ ወይም ኮሌጁ አታሎት ሎኑ በሕግ የተሰረዘለት ተማሪ የተበላበት ፐርሰንት ሊመለስለት ይችላል። ይህን ሳያውቁ "አልቆብኛል" ብለው ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ይኖራሉ።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ቆጠራው በዶላር አይደለም፤ በፐርሰንት ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ተማሪዎችን አስቡ። ሁለቱም በ2025-26 ሙሉ ጊዜ ይማራሉ። አንደኛዋ ምንም ገቢ የላትም፤ 7,395 ዶላር ታገኛለች። ሁለተኛው በዚያ ዓመት በፋፍሳው ላይ የወጣው የቤተሰቡ ገቢ ከፍ ብሎ ታየ። አባቱ ሁለት ፈረቃ ሲሠራ ነበር። ስለዚህ ትንሹን፣ 740 ዶላር ብቻ አገኘ። ዓመቱ ሲያልቅ የሁለቱም ቆጠራ ላይ 100 ፐርሰንት ተጽፏል። እሱ ከሚቀጥለው ዓመት አባቱ ሥራ ቢያጣና ሙሉው ገንዘብ ቢገባው፣ አንዱን ዓመት በ740 ዶላር ጨርሶታል ማለት ነው።

ተማሪው ይህን ካወቀ ምርጫ አለው። ገንዘቡን በዚያ ዓመት አልፈልግም ብሎ በጽሑፍ ፈርሞ መተው ይችላል። ያኔ ፐርሰንቱ አይነካበትም። የዓመቱ ገንዘብ ያመልጠዋል፤ ድርሻው ግን ለክፉ ቀን ይቀመጥለታል። ለሁሉም ሰው ይሻላል አልልም። 740 ዶላር ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ትልቅ ገንዘብ የሚሆንበት ቤት አለ። ዋናው ነገር ውሳኔው የተማሪው መሆኑ ነው። ምርጫ መኖሩን ያልሰማ ሰው ግን አልመረጠም።

በዚህ አጋጣሚ ከሀገር ቤት ዲግሪ ይዘው ለመጡ ወገኖቼም አንድ ቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አይሰጠውም። ዲግሪው የውጭ ሀገር ቢሆንም፣ እዚህ ቀጣሪ ባይቀበለውም ያው ነው። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንድ ሰው "ዝም ብለሽ አልተማርኩም በይ" ይላል። እባካችሁ አታድርጉት። በኋላ ሲታወቅ የወሰዳችሁትን ሁሉ መልሱ ትባላላችሁ፤ የሐሰት መረጃ በመስጠትም ትጠየቃላችሁ። ሎን ግን ሊፈቀድላችሁ ይችላል። የክፍለ ሀገሩንና የኮሌጁን ስኮላርሺፕ ጠይቁ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የምለምናችሁ ነገር ብዙ ወጪ የለውም።

ቁጥሩ እናንተ ጋ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ፐርሰንት እንደተጠቀመ ከፌዴራሉ ሲስተም በየጊዜው ይደርሳችኋል። ያለዚያ ገንዘቡን መልቀቅ አትችሉም። ታዲያ በየዓመቱ በምትልኩት የአዋርድ ደብዳቤ (ተማሪው ስንት እርዳታ እንደተፈቀደለት በሚገልጸው) ላይ ከዶላሩ ጎን ያቺን ቁጥር ጻፏት። "እስካሁን 150 ተጠቅመሻል፤ 450 ቀርቶሻል፤ በዚህ አካሄድ ዲግሪሽ ይህን ያህል ሴሚስተር ይፈልጋል።" ሁለት መስመር ናት። ተማሪው ገደቡ አፍ ላይ ሲደርስ የምትልኩትን ኢሜይል ያህል እንኳ አትረዝምም።

ለኢኤስኤል ተማሪዎች ደግሞ ለብቻ አስረዱ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሚሰሙት ቋንቋ። ብዙ ኮሌጅ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስፓኒሽ የሚናገሩ ተማሪዎች በቢሮ ሥራ ላይ ቀጥሮ ያሠራል። እነሱን ጠይቋቸው። እንግሊዝኛውን በነፃ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም ካለ ንገሯቸው። እዚያ አንድ ዓመት ተምሮ የሚመጣ ልጅ 100 ፐርሰንት ይተርፍለታል። ተማሪ ያመልጠናል ብላችሁ ይህን አትደብቁ። ልጁ ተመልሶ እናንተው ጋ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ደግሞ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ገንዘብ ይዞ።

ድሮፕ ሊያደርግ የመጣን ተማሪም ቀኑን አሳዩት። "60 በመቶው የሚሞላው በዚህ ቀን ነው" በሉት። ታሞ ወይም ሐዘን ላይ ሆኖ የመጣ ሰው ይህን ራሱ ፈልጎ አያገኝም።

የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ ለተቆረጠበት ተማሪ ኮሌጁ ራሱ ጥቂት ገንዘብ ቢያስቀምጥ ደግሞ ብዙ ሰው ይድናል። ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ ትንሽ ዕዳ ስላለባቸው ብቻ ከክፍል ሊወጡ ለነበሩ ተማሪዎች አነስተኛ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። መነሻው የፔል ገደብ አልነበረም። ግን ለመመረቅ አንድ እርምጃ የቀረውን ሰው በትንሽ ገንዘብ መያዝ እንደሚቻል ያሳያል።

ለኮንግረስ አባላት ደግሞ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሴሚስተሮች ከ600ው ውጭ ይሁኑ። ይህ ለሕጉ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በፌዴራል እርዳታ የሚከፈለው የረሜዲያል (የማጠናከሪያ) ትምህርት በአንድ ዓመት፣ በ30 ክሬዲት የተገደበ ነው። ኢኤስኤል ግን በዚያ ገደብ ውስጥ አይቆጠርም። ቋንቋ መማር ወደኋላ መቅረት እንዳልሆነ ደንቡ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። የዕድሜ ልኩ ቆጠራ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ይረሳል።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ ይኑር። ቤተሰብ የሞተበት፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው ለሳፕ ይግባኝ ማለት ከቻለ ለፔሉም ይቻል። አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር፣ ለመመረቅ ለተቃረበ ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ።

ሦስተኛ፣ ተመሳሳይ ገደብ ከዚህ በፊት አንስታችኋል። ከ2013 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች መንግሥት ወለድ የሚከፍልበት ሎን በፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ ተገድቦ ነበር። አቆጣጠሩ ለተማሪውም ለቢሮውም ራስ ምታት ሆነ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀረ። ለብድሩ የታየው ለድጎማውም ይታይ። ተማሪ ስጦታው ሲያልቅበት የሚሄደው ወደ ብድር ነው። እኔም የሄድኩት ወደዚያው ነው። አንድ ሴሚስተር አቋርጬ ሠራሁ። የቀሩትን ሁለቱን በሎን ተማርኩ። እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

ቆጠራው ደግሞ ሰፍቶ እየመጣ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ግን ከ15 ሳምንት በታች ለሚወስዱ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ፔል እንዲከፈል ፈቅዷል። ጥሩ ነገር ነው። ደስ ብሎኛል። ግን እሱም ከዚያው ከዕድሜ ልኩ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ዛሬ ለአጭር ሥልጠና የተመዘገበ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ዲግሪ ልማር ሲል "ያኔ ጀምሬ ነበር እንዴ?" እንዳይል ከወዲሁ ይነገረው።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ። ስተደንትኤይድ ዶት ጎቭ (studentaid.gov) ላይ ፋፍሳ በሞላችሁበት አካውንት ግቡ። የወሰዳችሁት እርዳታ ዝርዝር ጋ የፔል የዕድሜ ልክ አጠቃቀም የሚል ፐርሰንት ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ጻፉት። ከ600 ቀንሱት። የቀረውን ለ50 አካፍሉት። የሚቀራችሁ ሙሉ ሴሚስተር ያ ነው። ከዚያ የቀረውን ክሬዲት ይዛችሁ አድቫይዘራችሁ ጋ ሂዱና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልገጠሙ አሁኑኑ ነው መነጋገር ያለባችሁ። ክፍለ ሀገራችሁ የሚሰጠው እርዳታም የራሱ ገደብ ሊኖረው ይችላል። የካሊፎርኒያው ካል ግራንት ለምሳሌ ከፌዴራሉ ያጠረ ነው፤ አራት ዓመት ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ "ሜጀር ልቀይር ነው" ወይም "ትራንስፈር ላደርግ ነው" ሲላችሁ አትቆጡ። ብቻ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ስንት ፐርሰንት ቀርቶሃል?" በሉት። መልሱን ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉ።

ደብዳቤዬን ልጨርስ። በሚመጣው ሳምንት አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ከእናንተ የአንዳችሁ ቢሮ ትመጣለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አካውንቷን ባለፈው እሑድ አብረን ከፍተን አየነው። 225 ተጠቅማለች። ከዚያ ውስጥ 100ው እንግሊዝኛ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ይዛለች። ጥያቄዎቿንም በእንግሊዝኛ ተለማምዳቸዋለች፤ ግን ስትደነግጥ ድምፅዋ ይጠፋል። ከፊታችሁ ስትቀመጥ ወረቀቱን ተቀበሏት። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሩላትና የቀራትን ሴሚስተር አብራችኋት ቁጠሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሎን የጨረሰች የቀድሞ ተማሪ